ሐሙስ ይዘናት እንመጣለን

ልብስ ቆራጧ ያንን የስልክ ወሬ የሰማችው ልትሰማ ብላ አልነበረም፤ ቢያንስ ለራሷ ያለችው እንደዚያ ነው። የጨርቅ ጥቅል ልታወጣ ከስፌት ቤቱ ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ዕቃ ቤት ገብታ ሳለ፣ ከስስ ግድግዳው ወዲያ በወሬዋ ሬዲዮ የሚሏት ባልደረባዋ በሹክሹክታ ታወራለች። ሬዲዮ ሹክ ካለች ደግሞ ነገር አለ ማለት ነው፤ ያቺ ሴት መርዶ እንኳ ጮክ ብላ ነው የምታረዳው።

"ሐሙስ ይዘናት እንመጣለን" አለች ሬዲዮ። "አይ፣ አልነገርናትም። ካወቀች አትመጣም። እርስዎ ስለማያውቋት ነው... እሺ፣ እሺ፣ ከምሳ በፊት።"

ቆራጧ ጥቅሉን እንዳቀፈች ቆማ ቀረች። ያቀፈችው ጨርቅ ሰማያዊ ይሁን ጥቁር አልለየችም። ዕቃ ቤቱ ጨለማ ስለሆነ ነው አለች በልቧ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ጨለማ የሚሆንባት ቦታ በዝቶ ነበር።

ሦስቱ ሴቶች የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፉበትን ቤት የያዙት በጋራ ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ፣ ፊት ለፊቱ ትልቅ መስኮት ያለው አንድ ክፍል ነው። ቆራጧ መስኮቱ ሥር ባለው ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ትቆርጣለች። ከሷ ጎን ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ ትሰፋለች፤ ከያዘችው መርፌ ብዙም የማትወፍር፣ ቃል ብታባክን የሚቆጣት ያለ ይመስል ዝም ማለት የምታበዛ ሴት ናት። ሬዲዮ ከሁለቱም በዕድሜ ታንሳለች። ቁልፍ ትተክላለች፣ ትተኩሳለች፣ ደንበኛ ታስተናግዳለች፤ ደንበኛ ከጠፋ ከካውያው ጋር ታወራለች። አብረው አረጁ ማለት ይቻላል። የሬዲዮ እናት ስትሞት ሁለቱ አልጋዋ ሥር ነበሩ፤ የቆራጧ ልጅ ስታገባ ቀሚሷን የሰፋችው ሰፊዋ ናት።

እንዲያም ሆኖ ቆራጧ አታምናቸውም ነበር። እነሱን ለይታ አይደለም። ሰው ማመን አታውቅበትም።

ይህን ጠባይ ከመቀሱ ጋር የወረሰችው ከአጎቷ ነው። አጎቷ ልብስ ቆራጭ ነበር፤ ሰው ወደ ጠረጴዛው ሲጠጋ ጨርቁን በአንሶላ ይሸፍናል። በመጀመሪያ እንዲህ አልነበረም አሉ። እንደ ወንድሙ የሚያየው ባልንጀራ ነበረው፤ ሰውየው ከትከሻው ኋላ ቆሞ ሻይ እየጠጣ ዓመታት ተመለከተ፣ ተመለከተና አንድ ማለዳ ከመንገዱ ማዶ የራሱን ሱቅ ከፈተ። ደንበኛው ሁሉ ተሻገረ። ቆራጧ ልጅ ሆና የምታስታውሰው አጎቷ በባዶ ሱቅ ደጃፍ ወንበር አውጥቶ ማዶ ማዶውን ሲያይ ነው። "መስፋት ማንም ይለምደዋል" ይላት ነበር። "የተሰፋ ይፈታል። የተቆረጠ ግን አይመለስም። እንጀራሽ ያለው እዚያ ላይ ነው። ስትቆርጪ ጀርባሽን ለሰው አትስጪ፣ የሚያቅፍሽም ቢሆን፤ ሰው የሚያቅፍሽ ኪስሽን ለመዳበስ ነው።"

ባሏ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነበር። ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ መፍቻውን የጠየቀው ሁሉ ይወስድበታል። ሲሞት ግማሹ ዕቃው በሰው ቤት ነበር። በቀብሩ ቀን አንድም ሰው መፍቻ ይዞ አልመጣም እያለች ታወራለች። ግቢው ሰው አልበቃው ብሎ እስከ መንገዱ መሙላቱን ግን አታነሳውም።

ስለዚህ ቆራጧ በወረቀት ንድፍ አትሠራም። ወረቀት ይሰረቃል። የልጁን ትከሻ፣ ደረትና ክንድ አንዴ ትለካና ጭንቅላቷ ውስጥ ታኖረዋለች፤ የአንድ ትምህርት ቤት ልጅ በሙሉ እዚያ ውስጥ ተሰልፎ ይገኛል። ከሁሉ በላይ የምትደብቀው የእጅጌ መግቢያውን ቅስት ነው። በእሷ የተቆረጠ ሸሚዝ የለበሰ ልጅ መልስ ለመመለስ እጁን ሲያነሳ ሸሚዙ ከሱሪው ተጎትቶ አይወጣም። እናቶች ሌላውን ስፌት ቤት አልፈው የሚመጡት ለዚህ ነው። ይህን ቅስት ስታወርድ ጀርባዋን ለመስኮቱ፣ ፊቷን ለክፍሉ ሰጥታ፣ በክንዷ ከልላ ነው። ሰፊዋ እንኳ በዚያ ሁሉ ዓመት አላየችውም።

አሁን ግን ሌላ የምትደብቀው ነገር መጥቶባታል። ዓይኗ ጭስ ገብቶበታል። ጠመኔው ያሰመረውን መስመር ታየዋለች ስትል ይጠፋል፤ መብራት ስታይ ዙሪያውን እንደ ሱፍ ይበተናል። እጇ የለመደውን ስለሚያውቅ በእጇ እየሄደች ነበር። ለማንም አልተናገረችም። የማያይ ቆራጭ ምን ይባላል? ጠረጴዛ የያዘ ሰው ይባላል።

ጥርጣሬዋ የጀመረው ከቁርጥራጩ ከረጢት ነው። ማታ ማታ ከረጢቱን የምትቋጥረው እሷ ናት፤ የራሷን ትራፊ በእጇ ዳብሳ ታውቀዋለች። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን እጇ ሲገባ የማታውቀው ነገር ያገኛል፤ እንደ ፓስታ የቀጠኑ፣ ረዣዥም የጨርቅ ቁራጮች። እሷ እንዲህ ያለ ነገር ቆርጣ አታውቅም። አንድ ሰው ከሷ ኋላ እየቆረጠ ነው። ቀጥሎ ሰፊዋ ከሷ ቀድማ ስፌት ቤት መድረስ ጀመረች፤ እንቅልፍ የምትወደው ሰፊዋ። ከዚያ አንድ ጠዋት ረጅም ሰው ከበሩ ሲወጣ አየች። ፊቱን አልለየችውም። "ማን ነው?" ብትል ሬዲዮ "መንገድ የጠፋው ሰው" አለቻት። መንገዱ እኮ አንድ ነው፤ ማን ይጠፋበታል?

እና አሁን ይሄ፤ ሐሙስ ይዘናት እንመጣለን።

በማግስቱ ሬዲዮ ካውያዋን እያጋለች ጉዳዩን እንደዋዛ አነሳችው። "በዚህ ዝናብ ሰው አይመጣም። ሐሙስ ለምን ትልቁ ከተማ አንሄድም? ጨርቅ እናያለን፣ ቁልፍ እናያለን። ደግሞ የሚሄድ ደረጃ ያለው ሕንፃ ተከፍቷል አሉ።"

"ማን አለ?" አለች ቆራጧ።

"ሰው ነዋ እትዬ።"

"ሰው ስም የለውም?"

"ሐሙስ ጥሩ ነው" አለች ሰፊዋ ከመኪናዋ ቀና ሳትል። ሰፊዋ ሳትጠየቅ ከተናገረች ተመካክረዋል ማለት ነው።

ቆራጧ ያን ማታ ለልጇ ደወለችና ሁሉን ዘረዘረችላት። ልጇ ሩቅ አገር የምትኖር ናት፤ ከስልኩ ወዲያ ሕፃን ያለቅሳል። "እማዬ፣ ጓደኞችሽ ናቸው እኮ። ሰው ማመን ምን ይጎዳል?" አለቻት።

"አባትሽም እንደሱ ይል ነበር" አለችና ዘጋችው። ልሂድና የሚያደርጉትን በዓይኔ ልየው ብላ ቆረጠች።

ሐሙስ ዕለት ሰማዩ ከንጋት ጀምሮ ቀዳዳ እንደሆነ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ እርጥብ ልብስ ይሸታል። ሬዲዮ መሃል ቦታ ልትሰጣት ብትል ቆራጧ እምቢ ብላ ዳር ተቀመጠች።

"እዚያ ያለፈ ያገደመ ሁሉ እግርሽን ይረግጥሻል።"

"ይርገጠኝ። መውጫው ይቅረብ እንጂ።"

ሬዲዮ ሰፊዋን አየቻት፤ ሰፊዋ ዝናቡን። ቆራጧ ሁለቱን አየቻቸው፣ ማለትም ሁለት ብዥታዎችን አየች፤ የአንደኛው አፍ ይንቀሳቀሳል። ሬዲዮ ስለሚሄደው ደረጃ እያወራች ነበር። "አንቺ ዝም ብለሽ ትቆሚያለሽ። ደረጃው ራሱ ይሄዳል።"

"እኔ ቆሜ ሌላው የሚሄድበትን ነገር ቤቴም አላጣሁት" አለች ቆራጧ።

 ሰፊዋ በአፍንጫዋ ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋን ዋጠችው።

ከተማው እንደደረሱ ዝናቡ ባሰበት። ሦስት ሆነው አንዲት ጃንጥላ ሥር ገቡ። ጃንጥላዋ ለአንድ ሰው ነው የተሠራችው፤ ስለዚህ መሃል ያለችው ቆራጧ ብቻ ደርቃ፣ ሁለቱ ግማሽ ግማሽ አካላቸውን ለሰማዩ ሰጥተው ሄዱ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ደግነት ይለዋል። ቆራጧ ግን እስረኛ እንዲህ ነው መሃል ገብቶ የሚሄደው ስትል አሰበች። የመኪና መብራት ሁሉ ዙሪያው ተበትኖ ይመጣባታል፤ ውሃ የቋጠረ ጉድጓድና አስፋልት አንድ ሆነውባታል። አንዴ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሰጠመ። ያን ጊዜ የሰፊዋ እጅ ክንዷን ያዘ፣ ከዚያም አለቀቃትም። የሚደግፍ እጅና እንዳታመልጥ የሚይዝ እጅ አያያዛቸው አንድ ነው። ቆራጧ ልዩነቱን በክንዷ ለመለየት ሞከረች፣ አልቻለችም።

አንድ ጨርቅ ቤት ገቡ። እስከ ጣሪያው የተደረደረ ጥቅል፣ በላስቲክ ጫማ ጭቃ የላቆጠ ወለል። ሰፊዋ ሁለት ጥቅል ከመደርደሪያው አውርዳ ባንኮኒው ላይ ዘረጋችላት።

"የቱ ይሻላል? ሰማያዊው ነው ጥቁሩ?"

እዚህ ነው የያዝኳችሁ አለች ቆራጧ በሆዷ። ፈተና ነው። ጎንበስ ብላ አላየችም። አንዱን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል አሸች፣ ጨብጣ ለቀቀች፣ ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ጨመደደች፤ ሌላውንም እንዲሁ። "ይሄኛው ሲታጠብ ያጥራል። ያኛው ላብ አያሳልፍም። ስለ ቀለም ምን ትጠይቂኛለሽ፤ ልጆቹ የሚለብሱት ጨርቁን ነው።"

ባለሱቁ "እናታችን ያውቁበታል" አለ፣ ትንሽ ቅር ብሎት። ቆራጧ አገጯን ቀና አድርጋ ወጣች። ሬዲዮ ከኋላዋ ለሰፊዋ አንድ ነገር ስትል፣ ሰፊዋም "ቆይ" ስትላት ሰማች።

የሚሄደውን ደረጃ ማንም ሳያነሳው ቀረ። በአንድ ጎዳና ታጥፈው፣ ሰፊ በር ያለው ሕንፃ ፊት ቆሙ። ከበሩ በላይ ትልልቅ ጽሑፍ አለ፤ ለቆራጧ የተንጠለጠለ እርጥብ ጨርቅ መሰላት። ምን ይላል ብላ ብትጠይቅ አበቃላት። ስለዚህ ለማንበቢያ የሚበቃ ጊዜ ያህል ቀና ብላ ቆማ "እንዲህ ነው ለካ" አለች።

"ተቆጣሽ?" አለች ሬዲዮ፣ ፈራ ተባ እያለች።

"ምን ያስቆጣኛል?" አለች ቆራጧ፤ በሆዷ ግን የውል ቤት ነው፣ ከሽርክናው እንድወጣ ሊያስፈርሙኝ ነው እያለች ነበር። ያ ረጅም ሰው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀናል። ቢሞቱ አልፈርምም።

ሲገቡ የመድኃኒት ሽታ ተቀበላት። አግዳሚ ወንበር ላይ የተደረደሩ ሰዎች፣ አንዳንዶቹ ዓይናቸው ላይ ነጭ ፋሻ። የዓይን ሕክምና ቤት። ቆራጧ ከወንበሮቹ አንዱ ላይ ተቀመጠች። ከውል ቤቱ ይልቅ ይሄ ነው የከፋው። እዚያ አልፈርምም ማለት ይቻላል። እዚህ ሐኪም አታይም ካለ ግን ከሐኪም አፍ የወጣ ነው፤ ማን ይመልሰዋል? ማስረጃ ሊይዙብኝ ነው ያመጡኝ አለች። ከዚያ ወዲያ ጠረጴዛው የረጅሙ ሰው ነው።

"ለምርመራ ብቻ ነው እትዬ" አለች ሬዲዮ። "ሁላችንም በዚህ ዕድሜ..."

"አንቺ ዕድሜሽ ስንት ሆነና ነው። ዝም በይ።"

የነርሷ ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር። ውስጥ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ተቀምጦ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰሌዳ እያነበበ ነው። ሰሌዳው ላይ ያሉት ምልክቶች አፋቸው ወደተለያየ አቅጣጫ የተከፈተ እንደሆነ ቆራጧ ከንግግራቸው ተረዳች። ነርሷ ከላይ ወደ ታች በተራ ትጠይቃለች፣ ሰውዬው ይመልሳል። "ቀኝ። ላይ። ላይ። ግራ።" "ጎበዝ" ትላለች ነርሷ። "ታች። ቀኝ። ታች። ግራ። ላይ።" "ጎበዝ።"

ቆራጧ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። የስንት ልጅ ትከሻና ክንድ በቃሏ የያዘች ሴት፣ ይሄ ምኗ ነው? ቀኝ ላይ ላይ ግራ ብላ እንደ አንድ ልጅ ልኬት አስቀመጠችው፤ ቀጣዩን ረድፍ እንደ ታናሽ ወንድሙ። የመጨረሻዋን ረድፍ ሰውዬው ተሳሳተ፤ እሷንም ተሳሳተ ብላ አስቀመጠች።

ተራዋ ደርሶ ስትገባ ሁለቱ ጓደኞቿ በሩ ላይ ቆሙ። ነርሷ አንድ ዓይኗን አስከደነቻት። ግድግዳው ላይ ነጭ ነገር አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ቆራጧ ቸኩላ አልመለሰችም፤ ትንሽ አገጯን ሰበቅ፣ ትንሽ ግንባሯን ቋጠር እያደረገች መለሰችላት። ቀኝ። ላይ። ላይ። ግራ። ሌላኛውንም ዓይኗን ከድና እንዲሁ። የመጨረሻዋ ረድፍ ላይ ስትደርስ፣ "ይቺን እንኳን እኔ ንስርም አያያት" አለች።

ነርሷ ሳቀች። "ለዕድሜሽ እንዲህ ያለ ዓይን አይቼ አላውቅም፣ እናቴ። መነጽር እንኳ አያስፈልግሽም። ሐኪሟን ባታስቸግሪያትም ይሆናል።"

ቆራጧ ወደ ኮሪደሩ የወጣችው ሽቅብ እያየች ነው። ሬዲዮ አቅፋት ጉንጯን ሳመቻት። "አላልኩም? እኔ እኮ ድካም ነው ብያለሁ።" ፊቷ በደስታ ቀልቷል፤ ያንን ቆራጧ በድምጿ ነው ያወቀችው። ሰፊዋ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

"ባለ ባርኔጣው ሰውዬ ያለውን ነው ያልሽው" አለች።

"ምን?"

"ከአንቺ በፊት የገባው። ቃል በቃል። እኔም ጆሮ አለኝ።"

ሬዲዮ ክንዷን ከቆራጧ ትከሻ ላይ አወረደች። "እንዴ። እውነት ነው እትዬ?"

"ቢሆንስ? አልፌ የለ?"

"የትምህርት ቤት ፈተና መሰለሽ?" አለች ሰፊዋ።

"ፈተና ነው እንጂ። ፈታኞቹ እናንተ ናችሁ። ሐሙስ ይዘናት እንመጣለን፤ እንደ ፍየል። ሰማያዊው ነው ጥቁሩ፤ እንደ ሕፃን። አልሰማሁም? አላወቅሁም? ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ቀጫጭን ቁራጭ ማን ነው የሚቆርጠው?"

አግዳሚው ላይ ያሉት ሰዎች ዘወር አሉ፤ ማየት የቻሉትም ያልቻሉትም።

"እኔ ነኝ" አለች ሰፊዋ። "ጠዋት ጠዋት፣ ሳትመጪ። የግራው እጅጌ ከቀኙ ይሰፋል። ኮሌታው አንዱ ጆሮ ይረዝማል። ዝም ብዬ ልስፋው? አንዷ እናት ልጇን ይዛ መጥታ ነበር፤ ሸሚዙ አንገቱን አዙሮት ዘበኛ የጠራው ይመስል ወደ ጎን እያየ ነው የቆመው። ሬዲዮ በወሬ አደንዝዛ ሸኘቻት።"

"እውነቷን ነው" አለች ሬዲዮ። "ስለ ደረጃው ነው ያወራኋት።"

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"እንዴት አድርገን?" አለች ሰፊዋ። በዚያ ሁሉ ዓመት ይህን ያህል ስትናገር ቆራጧ ሰምታት አታውቅም። "አጠገብሽ ሰው ሲቆም ጨርቅ ትከልያለሽ። ውሃ ላቅርብልሽ ስልሽ መቀስሽን ትደብቂያለሽ። ዓይንሽ ጠፍቷል ብልሽ ምን ትዪ ነበር? ጠረጴዛዬን ፈለግሽው ነበር የምትዪኝ።"

በእርግጥም ቆራጧ ያንን ነበር የምትላት። ከዚያ የቀረችዋን ጥያቄ አወጣች። "ረጅሙ ሰውዬስ?"

 ሬዲዮ ቀድማ "የቱ ረጅም? ኧረ መንገድ የጠፋው..." ስትል ሰፊዋ እጇን አነሳችባት።

"ቆራጭ ነው። እኔ ነኝ የጠራሁት። መታከም እምቢ ካለች ትምህርት ሲከፈት ማን ይቆርጣል ብዬ። ጠረጴዛሽ ጋ አቆምኩት።"

 የአጎቷ ባዶ ሱቅ፣ ደጃፍ የወጣው ወንበር፣ ማዶው፣ ሁሉም በቆራጧ ፊት መጣ። "ቆረጠ?"

"አንድ ሸሚዝ።"

"እና?"

"ለሬዲዮ ልጅ አለበስነው። እጁን ሲያነሳ እስከ እምብርቱ ተገለበ።"

ቆራጧ አልሳቀችም። ወንበሩ ላይ መልሳ ተቀመጠችና እንደ ልማዷ ነገሩን አገላብጣ ዳበሰችው። ሬዲዮ የዋሸቻት እንዳትከፋባት ነው። ሰፊዋ ግን የሚያስጠላትን ነገር በራሷ አፍ አወጣችው፤ ማንም ሳያስገድዳት፣ ደብቃው ልታልፍ ስትችል። የአጎቷ ባልንጀራ ማዶ ሱቅ መከራየቱን አንድ ቀን ቀድሞ አልነገረውም። ሌባ በራሱ ላይ አይመሰክርም። ይህን ሁሉ ካሰበች በኋላም ቢሆን ልቧ አልለሰለሰም፤ ግን የሚይዘውን ነገር አገኘ።

ተነሥታ የነርሷን በር ገፋች። "ልጄ፣ ያንን ሰሌዳ ገልብጪውና እንደገና ጠይቂኝ" አለች።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ትንፋሿ የሻይ ሽታ አለው። በመብራት ዓይኗን ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየቻትና ሁለቱም ላይ ሞራ እንዳለ፣ የግራው እንደበሰለ፣ በቀዶ ጥገና እንደሚነሣ ነገረቻት። ቀላል ነው አለች። ቆራጧ ቀላል ነው የሚል ሰው አትወድም።

"ቀላል የሆነው ለአንቺ ነው ለእኔ?"

"ለሁለታችንም ይሆናል። ግን በየተራ ነው የምንሠራው፤ መጀመሪያ ግራውን፣ ሲያገግም ቀኙን። እስከዚያ ጎንበስ ብሎ መሥራት፣ የጨርቅ ብናኝ ያለበት መዋል አይቻልም።"

"ትምህርት ሲከፈት እደርሳለሁ?"

"ለዘንድሮው አትደርሺም።"

ቀኑን ያስያዘችው ራሷ ናት። ሬዲዮ እኔ ላስይዝልሽ ብትላት "የሹክሹክታ ቀጠሮ አልፈልግም" ብላ ተሰልፋ አስያዘች።

የመልሱ አውቶቡስ ሞልቶ ነበር። ሦስቱም ቆመው ሄዱ፤ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፤ ሬዲዮ አጠገቧ ከቆመች ከማታውቃት ሴት ጋር ስለ ቀዶ ጥገና ማውራት ጀምራለች። ሰፊዋ ከላይ ያለውን ብረት ይዛ፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራለች። እርጥብ ካፖርቷ ከቀጭን ጎኗ ጋር ተጣብቋል። ቆራጧ ከኋላዋ ናት።

 ቆራጧ የሐኪሟን ቃል እያመላለሰችው ነበር። ለዘንድሮው አትደርሺም። እሷ ዓይኗን ታስራ ተኝታ ሳለ ልጆች ለመለካት ይመጣሉ። ረጅሙን ሰውዬ ቢያስገቡት እጁን ያነሳ ልጅ ሁሉ እምብርቱ ይታያል፤ እናቶቹም ይሄዳሉ፤ ስትመለስ ጠረጴዛው ይኖራል፣ የሚቆረጥ ነገር ግን አይኖርም። ሰፊዋ ብትቆርጥ ደግሞ ቅስቱን ማወቅ አለባት። ካወቀችው አወቀችው ነው፤ እንደ ተቆረጠ ጨርቅ አይመለስም።

"እኔ ስተኛ ማን ነው የሚቆርጠው?" አለች።

ሰፊዋ አልዞረችም። "አንቺ ንገሪን።"

አውቶቡሱ አንድ ጉድጓድ ገብቶ ወጣ። ቆራጧ ነጻ እጇን አነሣች፣ ወደኋላ መለሰች፣ እንደገና አነሣች። ጣቷን ከሰፊዋ ትከሻ ጫፍ፣ ብረቱን ከያዘው ክንድ ሥር አሳረፈች።

"እንዳታወርጂው" አለች። "እንደዚያው ከፍ አድርገሽ ያዢ። ከዚህ ነው የሚጀምረው። ሌላው ሰው ለመመቸት ብሎ ከብብት በታች ዝቅ ያደርገዋል፤ ስህተቱ እሱ ነው። ዝቅ ባለ ቁጥር ክንዱ ሸሚዙን ይዞት ይነሣል። እስከዚህ ብቻ። ከዚያ ወደ ፊት ሲመጣ እንዲህ ይጠባል፤ ገባ ይላል፣ ታውቂያለሽ? የጣት ጥፍር ያህል።"

"ከኋላስ?"

"ከኋላ ይለቀቃል። ልጅ ወደ ፊት ነው የሚጎነበሰው።" ጣቷ እርጥቡ ካፖርት ላይ ቅስቱን አወረደ። የተቀመጡት ተሳፋሪዎች፣ አንዲት አሮጊት ሴት የሌላዋን ብብት ስትስል፣ ቀና ብለው ያያሉ። አንዱ "አሳክኳት ነው?" አለ። ቆራጧ አልከለለችውም፤ መከለያ የሚሆን ክንድ አልነበራትም፤ በሌላው እጇ እንዳትወድቅ ብረቱን ይዛለች።

"እጅጌውስ ራሱ?"

እሱንም ነገረቻት፤ የእጅጌው አናት ከፍ እንዳይል፣ ሰፋ ብሎ ዝቅ እንዲል። ሰፊዋ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትደግመዋለች።

አንድ ነገር ግን አልነገረቻትም። ልጆች ቦርሳቸውን የሚያንጠለጥሉበት ትከሻ ከሌላው ዝቅ ይላል፤ ቆራጧ ልጁ በር ላይ ሲገባ የትኛው እንደሆነ አይታ፣ በዚያ ወገን ያለውን ቅስት ጥቂት ታወርደዋለች። ይህንን ምላሷ ላይ ደርሶ መለሰችው።

ሰፊዋ ደግማ ጨረሰችና፣ "የቀረ ነገር አለ አይደል?" አለች።

"አለ።"

"መቼ ትነግሪኛለሽ?"

"ዓይኔ ሲበራ። አንቺ ስትቆርጪ አጠገብሽ ቆሜ እያየሁ።"

ሰፊዋ ተከፋች አልተከፋች ቆራጧ ፊቷን ለማየት አንገቷን አሰገገች፤ የታያት ብዥታ ብቻ ነው። ክንዱ ግን እንደተነሣ ነበር።

"እሺ" አለች ሰፊዋ። "የፊቱን ድገሚልኝ እስቲ።"